ስንቶቻችን ተከተብን? የፍሉ ክትባት ቆጠራ ከሃውቶርን ሲታይ

ባለፈው የብርድ ወራት በሎስ አንጀለስ ካውንቲ ከተማ በሃውቶርን ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ከመቶ ስንቱ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ወሰዱ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ክትባቱ በየፋርማሲው ይሰጣል፤ አብዛኛው ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል፤ እያንዳንዱ መርፌ ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። መልሱ ግን የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሕዝብ ጤና መምሪያ ዘንድም፣ የካሊፎርኒያ የክትባት መዝገብ ውስጥም፣ አትላንታ ያለው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ዘንድም የለም። በሎስ አንጀለስ ሊትል ኢትዮጵያ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቡናውን ይዞ የተቀመጠ ሰው ብትጠይቁ ግን ወዲያው ይነግራችኋል። አንዱ «ሐበሻ መች ፍሉ ሻት ይወዳል!» ይላል፤ ከጎኑ ያለችው «እኛ ቤት ሁሉም ተከትቧል፤ ሥራ ቦታ ይጠይቁናል» ትላለች። ሁለቱም የሚያውቁትን ነው የሚናገሩት። የጠፋው የሁለቱን ክርክር የሚፈርደው ቁጥር ነው።

የክትባት ሽፋን ክፍልፋይ ነው፤ ከላይ የተከተቡት፣ ከታች መከተብ የሚገባቸው ሁሉ ይቀመጣሉ። አሜሪካ በ2010 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ዕድሜው ከስድስት ወር በላይ የሆነ ሰው ሁሉ በየዓመቱ ይከተብ ካለች ወዲህ ታችኛው ቁጥር መላው ሕዝብ ሆኖ ቆይቷል ማለት ይቻላል። አስቸጋሪው የላይኛው ነው ተብሎ ይታሰባል። እኔ ግን በእኛ ላይ ሲደርስ የባሰው የታችኛው ይመስለኛል፤ ወደዚያ እንደርሳለን።

የተከተበውን ለመቁጠር ከፋብሪካ የወጣውን መቁጠር ይቻላል። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2020–21 ወቅት፣ ወደ 194 ሚሊዮን መርፌ አሜሪካ ውስጥ ተከፋፍሏል፤ በ2024–25 ወደ 147 ሚሊዮን ወርዷል። ይህ አዝማሚያ ያሳያል እንጂ ማን እንደተወጋ አይናገርም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሰንብቶ የሚጣልም አለ። የክፍያ ሰነድ መከታተልም ይቻላል። ሜዲኬር የአረጋውያንን ክትባት ሙሉ በሙሉ ስለሚከፍል ጥሩ አሻራ ይተዋል፤ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በነጻ የወሰደው መርፌ ግን በሒሳብ ሰነድ ውስጥ የለም። ስለዚህ የአገሪቱ ዋና መለኪያ ሆኖ የኖረው ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው። አዋቂዎችን ክፍለ ግዛቶች በሚያካሂዱት የጤና ጥናት፣ ልጆችን ደግሞ ሲዲሲ ወላጆቻቸውን እየደወለ ይጠይቃል።

ከእነዚህ ጥሪዎች የሚወጣው ቁጥር ደስ አያሰኝም። በ2020–21 ከአዋቂዎች 50.2 በመቶው ተከትበው ነበር፤ በ2023–24 ወደ 44.9 ወረደ። የልጆቹ ይብሳል፦ ከኮቪድ በፊት ወደ 64 በመቶ የነበረው በ2024–25 ወደ 49 ደርሷል። ለ2030 የተያዘው ግብ 70 በመቶ ነው። በዚያው በ2024–25 ወቅት 280 ልጆች በኢንፍሉዌንዛ ሞቱ፤ ከ2009ኙ ወረርሽኝ ወዲህ እንዲህ ያለ ቁጥር አልታየም። ለክትባት ከደረሱትና የክትባት ሁኔታቸው ከታወቀው ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ክትባታቸውን ያላሟሉ ነበሩ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። «ከአሥሩ ዘጠኙ» የሚለው ራሱን ችሎ ምንም አያረጋግጥም። በሕይወት ካሉት ልጆችም ከአሥር ዘጠኙ ያልተከተቡ ቢሆኑ ኖሮ የሟቾቹ ቁጥር ስለ ክትባቱ ጥቅም የሚለው ነገር አይኖርም ነበር። ቁም ነገር የሚሆነው ከቀሩት ልጆች ግማሽ ያህሉ ተከትበው ሳለ ከሟቾቹ መካከል የተከተበ ጥቂት ብቻ በመገኘቱ ነው። የሽፋን ቁጥር የሌለው ማኅበረሰብ ይህን ንጽጽር ለራሱ ልጆች ማድረግ አይችልም።

አሁን ስልኩ ሃውቶርን ሲጠራ አስቡት። ከማያውቀው ቁጥር የተደወለ ስልክ የሚያነሳ ሐበሻ በበኩሌ አላውቅም፤ ዕዳ ሰብሳቢ ነው፣ አጭበርባሪ ነው፣ ይባላል። ቢያነሳስ በየትኛው ቋንቋ ይመልሳል? በዩሲኤልኤ የሚዘጋጀውና ከ2001 ጀምሮ የሚካሄደው ትልቁ የካሊፎርኒያ የጤና ጥናት ከእንግሊዝኛ ሌላ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በኮሪያኛ፣ በቬትናምኛና በታጋሎግ ይጠይቃል። በሌላ አገር ይህ እንደ ቸርነት ይቆጠር ነበር። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ግን የሉም። ልጆቿን ለማየት መጥታ እዚያው የቀረች የሰባ ዓመት እናት፣ ፍሉ ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋት እሷ ሆና ሳለ፣ ከጥናቱ ውጭ ናት።

እንግሊዝኛ የሚያውቀው ቢመልስም ሒሳቡ አይሞላም። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ኢትዮጵያዊ ነኝ ብለው የጻፉት ከ3 መቶ ሺህ ትንሽ ይበልጣሉ፤ ከአሜሪካ ሕዝብ ከሺህ አንድ ገደማ። አሥር ሺህ ሰው የሚጠይቅ ጥሩ ጥናት በአማካይ አሥር ኢትዮጵያዊ ያገኛል ማለት ነው። ከአሥር ሰው አንዱ ሐሳቡን ቢቀይር ሽፋኑ በአሥር ነጥብ ይዘላል። እንዲህ ያለውን ቁጥር ማንም አያትምም፤ አለማተማቸውም ትክክል ነው። ስለዚህ እነዚያ አሥሩ ወደ ሌላ ሣጥን ይገባሉ፤ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» ወደሚለው።

ሲዲሲ በ2022 ያወጣው ዘገባ በ2021–22 ከነጭ አዋቂዎች ወደ 54 በመቶ፣ ከጥቁር አዋቂዎች ወደ 42 በመቶ መከተባቸውን ይናገራል። በዚህ 42 ውስጥ አለን። ደሴ ተወልዶ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ ሰውና አያቶቿ ከሉዊዚያና ወደ ደቡብ ሎስ አንጀለስ የመጡ መምህርት እኩል ይቆጠሩበታል። የመምህርቷ ቤተሰብ መንግሥት በአላባማ ቱስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 በጥቁር ወንዶች ላይ ቂጥኛቸውን ሳያክም ያካሄደውን ጥናት ያውቃል፤ ሐኪምን ከመጠራጠሯ ጀርባ ታሪክ አለ። የታክሲ ነጂው አባት ግን ምናልባት ፈንጣጣን ያስታውሳል። ኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1971 ጀምራ የመጨረሻውን ሕመምተኛ በነሐሴ 1976 ባሌ ውስጥ ነው ያገኘችው። ያ ትውልድ ክትባት በሽታን ከምድር ሲነቅል በዓይኑ አይቷል። የዚያን ጊዜ ሽፋን መለካትም ቀላል ነበር፤ ክንድ አስገልጦ ጠባሳ ማየት ነው። የፍሉ መርፌ ጠባሳ አይተውም።

እንግዲህ የታክሲ ነጂው ካልተከተበ ምክንያቱ ሐኪምን መጠርጠር ላይሆን ይችላል። «ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል» ሊሆን ይችላል፤ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ፌጦው አለ። ወይም የአሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ ሊሆን ይችላል። የእሱን እምቢታና የመምህርቷን እምቢታ አንድ ዓይነት ፖስተር አይፈታቸውም። ቁጥሩ ሲደባለቅ ግን መድኃኒቱም ይደባለቃል። ኢትዮጵያውያን ከ42ቱ በላይ ሆነን የሣጥኑን አማካይ ከፍ እያደረግን ይሁን ከበታች ሆነን እየጎተትነው፣ ከዚህ ቁጥር ማወቅ አይቻልም።

ስልኩን ትተን ወደ መዝገቡ እንሂድ፤ ተስፋው ያለው እዚያ ነውና። ካሊፎርኒያ በ2022 ባጸደቀችው ሕግ መሠረት ከጥር 2023 ጀምሮ ክትባት የሚሰጥ ሁሉ የሰጠውን ወደ ክፍለ ግዛቱ የክትባት መዝገብ የማስገባት ግዴታ አለበት፤ የተከታቢውን ዘርና ብሔረሰብ ጭምር። ሃውቶርን የራሷ ጤና መምሪያ የላትም፤ በካውንቲው ውስጥ እንዲህ ያለ መምሪያ ያላቸው ሎንግ ቢችና ፓሳዲና ናቸው። ስለዚህ በሃውቶርን ቡሌቫርድ ፋርማሲ የተወሰደ መርፌና ከሊትል ኢትዮጵያ በስተ ደቡብ በካዲላክ ጎዳና ባለው የካይዘር የሕክምና ማዕከል የተወሰደ መርፌ አንድ ቋት ይገባሉ። በወረቀት ላይ ይህ ጥያቄያችንን የሚፈታ ይመስላል።

ስማችን ግን ያደናቅፈዋል። አባት ኃይለ ሚካኤል ተሰማ፣ እናት ጸሐይ በቀለ፣ ልጅ ሜሮን ኃይለ ሚካኤል ይባሉ። ለእኛ ከዚህ የቀለለ ቤተሰብ የለም። ለኮምፒውተሩ በአንድ አድራሻ የሚኖሩ፣ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሜሮን ትምህርት ቤት «ኃይለሚካኤል» ተብላ በአንድ ቃል ተመዝግባለች፤ ክሊኒክ ውስጥ «ኃይለ» የመካከል ስሟ ሆኖ «ሚካኤል» ብቻ ቀርቷል። የእናቷ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ሦስት ዓይነት መልክ አላት። በስደት ለመጣው አባት የልደት ቀን የማይታወቅ ሆኖ «ጃንዋሪ 1» ተሰጥቶታል፤ ዓመቱም ከእኛ አቆጣጠር ሲገለበጥ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስቶ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ሰውን ከሰው የሚለየው በስም፣ በልደት ቀን፣ በእናት ስም፣ በስልክ ቁጥር ነው። እነዚህ ሲፋለሱ አንድ ሰው ሁለት ፋይል ይኖረዋል። ተቃራኒውም ይደርሳል፤ ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ሁለት አበበ ከበደዎች አንድ ሰው ሆነው ሊያርፉ ይችላሉ።

የሁለት ፋይል ጣጣ ለፍሉ ከሌሎች ክትባቶች የተለየ ነው። አዋቂ በዓመት አንድ መርፌ ነው የሚወስደው፤ የትኛውም ፋይል ላይ ቢገባ መርፌው አንዴ ይቆጠራል፣ የላይኛው ቁጥር አይጎዳም። የሚጎዳው የታችኛው ነው። ባዶ የቀረው ሁለተኛ ፋይል «ያልተከተበ ሰው» ሆኖ ይደመራል። ተከትቦ ሳለ ሁለት ፋይል ያለው ሰው በመዝገቡ ሒሳብ ግማሹ ብቻ የተከተበ ይመስላል። ወደ ላስ ቬጋስ የሄደ ሰው ፋይልም አብሮት አይሄድም፤ እዚያው ሆኖ በየዓመቱ «አልተከተበም» ይባላል። የልጆች ደግሞ ሌላ ነው፦ ከዘጠኝ ዓመት በታች ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ የፍሉ ክትባት የሚወስድ ልጅ ሁለት መርፌ ያስፈልገዋል፤ አንዱ በአንደኛው ፋይል፣ ሌላው በሌላኛው ከገባ፣ ክትባቱን የጨረሰው ልጅ በሁለት በኩል ያልጨረሰ ሆኖ ይታያል።

የታችኛውን ቁጥር ከመዝገቡ ውጭ ከሕዝብ ቆጠራ መውሰድስ? የ2020 ቅጽ ከ«ጥቁር» ሣጥን ሥር መጻፊያ መስመር ነበረው፤ ለምሳሌነት ከዘረዘራቸው አንዱም «ኢትዮጵያዊ» ነበር። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን አሥር ዓመት ይጠብቃል። በየዓመቱ የሚካሄደው የማኅበረሰብ ጥናት ደግሞ ናሙና በመሆኑ በሃውቶርን ደረጃ ስለ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቁጥር ከስሕተት ህዳጉ ብዙም አይሻልም። በቋንቋ እንፈልግ ብንል አማርኛ፣ ሶማሊኛና «ሌሎች የአፍሮ እስያ ቋንቋዎች» በአንድ ረድፍ ተጠርዘዋል። ወደ ዘጠና ሺህ የሚጠጋ ሰው በሚኖርባት፣ ከግማሽ በላዩ ላቲኖ በሆነባት ከተማ ውስጥ የእኛ ቁጥር የግምት ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል።

በታችኛው ቁጥር መሰናከል ለእኛ አዲስ አይደለም። አገር ቤት ይህንኑ በልጆች መደበኛ ክትባት አይተነዋል። የኢትዮጵያ የክትባት መርሐ ግብር በ1980 ነው የተጀመረው። በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤት ለቤት ሄዶ፣ ካርድ አይቶ፣ እናት ጠይቆ፣ ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ ሦስት ወር ካሉ ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ የወሰዱት 39 በመቶ፣ ሦስተኛውን ፔንታቫለንት (የአምስት በሽታ ክትባት) የወሰዱት 53 በመቶ መሆናቸውን አገኘ። ከጤና ተቋማት በሪፖርት የሚመጣው የፔንታቫለንት ሽፋን በእነዚያ ዓመታት ከዘጠና በመቶ በላይ ነበር። አንዱ ምክንያት ሪፖርት ማሳመር ነው፤ ሁሉም የሚያወራው ስለዚህኛው ነው። ሌላው ግን ንጹሕ ሒሳብ ነው። አገሪቱ ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝቧን የቆጠረችው በ2007 ነው፤ ወደ 74 ሚሊዮን ነበርን። ቀጣዩ ቆጠራ ተራዘመ፣ ደግሞም ተራዘመ። እያንዳንዱ ወረዳ ስንት ሕፃን እንዳለው የሚነገረው ከዚያ ቆጠራ በትንበያ ነው። ሰው ጥሎት የሄደው ወረዳ ሽፋኑ ሲያሽቆለቁል፣ ሰው የጎረፈበት ከመቶ በላይ ይሆናል። ከመቶ በላይ የተከተበ ወረዳ የሚያሳፍር ነገር ሆኖ ሳለ አንዳንዴ ምስጋና አስገኝቷል።

የፍሉ ክትባት በኢትዮጵያ መደበኛ መርሐ ግብር ውስጥ የለም። በሽታውን ግን በስም እናውቀዋለን፤ በ1918 መጨረሻ አዲስ አበባን የመታውና ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ ያዋለው «የኅዳር በሽታ» ይኸው ነው። ከተማዋ ብቻ በሺዎች ቀብራለች። ትክክለኛ ቁጥር ግን አልቀረልንም፤ የቀረልን በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ የሚታጠንበት ጭስ ነው።

ችግሩን የፈቱ አሉ ወይ? እንግሊዝ ታችኛውን ቁጥር አስቀድማ ይዛዋለች። ከሞላ ጎደል እያንዳንዱ ነዋሪ በአንድ የቤተሰብ ሐኪም ዘንድ ስለሚመዘገብ የሽፋን ቁጥር ከሐኪሞቹ ኮምፒውተር በየሳምንቱ ይወጣል፤ በ2020–21 ከ65 ዓመት በላይ ያሉት 80.9 በመቶ መከተባቸውን ያወቁት እንዲህ ነው። ኖርዌይ የክትባት መዝገቧን ከነዋሪዎች መዝገብ ጋር አገናኝታ በ2021 የኮቪድ ክትባትን በትውልድ አገር ከፋፍላ አወጣች፤ የትኛው ስደተኛ ማኅበረሰብ ወደ ኋላ እንደቀረ ታየ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ማዕከላዊ የነዋሪዎች መዝገብ የለም፤ ይኑር ቢባልም ብዙ ሰው ይቆጣል።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ የሚኒሶታ ነው። በ2017 በዚያ ክፍለ ግዛት ኩፍኝ ተነሥቶ 75 ሰው ሲታመም አብዛኞቹ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። ጤና መምሪያው ግን ከዚያ በፊትም ያውቅ ነበር፤ የሶማሌ ወላጆች ልጆች የኩፍኝ ክትባት ሽፋን በ2004 ከተወለዱት 92 በመቶ የነበረው በ2014 ከተወለዱት 42 በመቶ ደርሶ ነበር። ይህን እንዴት አወቁ? ማንንም ዘሩን አልጠየቁም። የልደት ምስክር ወረቀት ላይ እናት የተወለደችበት አገር ይጻፋል፤ ያንን ከክትባት መዝገቡ ጋር አገናኙት። ቁጥሩ ወረርሽኙን አላስቀረም፤ ማወቅና ማድረግ ለየቅል ናቸው። ቢሆንም የት መሄድ፣ የትኛውን ኢማም ማናገር እንዳለባቸው ያውቁ ነበር።

በዚህ መካከል ፍርሃት የሚባል ነገር አለ፤ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሰፍት እንደመጣ ያነበበ ሕዝብ ነን፤ አገር ቤትም ቆጣሪ ሲመጣ ግብር ወይም ዘመቻ ይከተለው ነበር። በ2025 ደግሞ የሜዲኬይድ (ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ተጠቃሚዎች መረጃ፣ የካሊፎርኒያው ሜዲካል ጭምር፣ ለአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት መሰጠቱ ተሰማ፤ ካሊፎርኒያና ሌሎች ክፍለ ግዛቶች ከሰሱ። የክትባት መዝገቡ ሌላ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ሰው ፋይሉን ሌሎች ሐኪሞች እንዳያዩት ማዘጋትም ይችላል። ፋርማሲ ወረፋ ላይ የቆመ ሰው ግን የትኛው ኮምፒውተር ከየትኛው እንደተገናኘ አያውቅም። በዚያው ዓመት በሰኔ የፌዴራሉ የክትባት አማካሪ ኮሚቴ አሥራ ሰባቱም አባላት ተነሡ፤ በመስከረም ካሊፎርኒያ ከኦሬጎን፣ ከዋሺንግተንና ከሃዋይ ጋር ሆና የራሷን የክትባት ምክር አወጣች። ማንን እንመን የሚለው ጥያቄ በሐበሻ ብቻ የሚጠየቅ መሆኑ ቀርቷል።

ፌርፋክስ ላይ «ሥራ ቦታ ይጠይቁናል» ያለችውን ሰው አልረሳናትም። ካውንቲው ከ2013 ጀምሮ የጤና ተቋም ሠራተኛ በፍሉ ወቅት ወይ እንዲከተብ ወይ ጭምብል እንዲያደርግ ሲያዝ ቆይቷል። ሆስፒታሎች የሠራተኞቻቸውን ሽፋን ለፌዴራል መንግሥት ሪፖርት ያደርጋሉ፤ በ2022–23 በአገር ደረጃ ወደ 81 በመቶ ነበር። የአረጋውያን መጦሪያ ሠራተኞች በዚያው ወቅት 47 በመቶ ብቻ ናቸው። ከእኛ ሴቶች ስንቱ በሆስፒታል፣ ስንቱ በመጦሪያ፣ ስንቱ ደግሞ ቤት ለቤት አረጋዊ በመንከባከብ እንደሚሠሩ ካሰባችሁ፣ የማኅበረሰባችን ሽፋን በሥራ ቦታ ሊሰነጠቅ እንደሚችል ይታያችኋል። ቤት ለቤት የምትሠራውን የሚቆጥር አሠሪ ደግሞ የለም።

በአብያተ ክርስቲያናትና በመስጊዶች ክትባት መስጠት መልካም ነው፤ መለኪያ ነው ሲባል ግን እጠራጠራለሁ። በአንድ እሑድ መቶ ሰው ተከተበ ማለት ከስንቱ መቶ ማለት እንደሆነ አይነግረንም። የሰበካ ጉባኤ መዝገብም የታችኛው ቁጥር አይሆንም፤ አስተዋጽኦ የሚከፍለውን እንጂ በዓል ጠብቆ የሚመጣውን አይዝም።

በመጋቢት 2024 የፌዴራል መንግሥት የዘር መጠየቂያ ቅጾችን መስፈርት ሲያድስ ከ«ጥቁር» ሥር ዝርዝር ሣጥኖች እንዲኖሩ ወሰነ፤ ከስድስቱ አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ይላል። መሥሪያ ቤቶች እንዲተገብሩት የተሰጣቸው ጊዜ አምስት ዓመት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚያዘገየው ነገር በዝቷል። ሣጥኑ ቢመጣም የሚሞላው ወረፋው የረዘመበት የፋርማሲ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ አዋቂዎቹን በሚመለከት ብዙ አልጠብቅም።

የልጆቹ ቁጥር ግን አዲስ ጥያቄ ሳይጠየቅ አሁን ሊወጣ ይችላል። የካሊፎርኒያ የልደት ምስክር ወረቀትም እናት የተወለደችበትን አገር ይይዛል፤ መዝገቡም አለ፤ ሚኒሶታ የሠራችው እዚህ የማይሠራበት ቴክኒካዊ ምክንያት አይታየኝም። እናቶቻቸው እዚህ የተወለዱት ልጆች ያመልጡታል፤ ከአገር ቤት ተወልደው የመጡትም እንዲሁ። ሌላም ገደብ አለ፦ ክፍለ ግዛቱ የሰው ማንነት እንዳይገለጥ ሲል ከአሥራ አንድ በታች የሆነ ቁጥርን ይሸፍናል። ሃውቶርን ብቻዋን ብትጠየቅ ሠንጠረዡ በኮከብ ምልክት ተሞልቶ ሊመለስ ይችላል። ጥያቄው ኢንግልውድን፣ ሌኖክስን፣ ጋርዲናንና ሎንዴልን ጨምሮ፣ የሦስት ወቅት መረጃ በአንድ ላይ አድርጎ መቅረብ አለበት፤ የሚጠይቀውም ከካውንቲው ጋር የመረጃ ስምምነት መፈረም የሚችል ድርጅት መሆን ይኖርበታል።